«እዚያ ደግሞ ምን አለ?» ላላችሁን፦ ስለ አዋሽ ጉዞ ግልጽ ደብዳቤ

ጥቅምት 2018 ዓ.ም.
ቱሉ ዲምቱ

ይድረስ፦ ለቡድን ጉዞ የድጋፍ ደብዳቤ ለሚጽፍልን የቱሪዝም መሥሪያ ቤት ኃላፊ

የተከበሩ ኃላፊ፣

ጤና ይስጥልን። ይህን ደብዳቤ የምንጽፍልዎ በቱሉ ዲምቱ፣ በኮየ ፈጬና በአቃቂ አካባቢ የምንኖር አሥራ አራት ሰዎች ነን። ሥራችን ሰው ሰብስቦ ቅዳሜና እሁድ ከከተማ ማውጣት ነው። ሾፌሮች አሉን። ስንቅ የምታሰናዳልን እህት አለችን። እንደ እኔ ቀኑን ሙሉ ስልክ ሲደውልና ቀብድ ሲለምን የሚውልም አለ። ቢሮ የለንም። ከክፍያ መንገዱ መግቢያ ወዲህ ያለች ጀበና ቡና ቢሯችን ናት። ይህም ደብዳቤ የተጻፈው እዚያው በርጩማ ላይ ነው።

ጉዳያችን አንድ ወረቀት ነው።

መሥሪያ ቤትዎ፣ ደብዳቤ የምንጠይቅበት መስኮት ላይ፣ ከውስጥ በኩል በፕላስተር የተለጠፈ ነው። «ወደ መተሐራና አዋሽ አቅጣጫ ለሚደረግ የቡድን ጉዞ ለጊዜው የድጋፍ ደብዳቤ የማንሰጥ መሆኑን እናስታውቃለን» ይላል። የተለጠፈው በጥር 2017 ነው። ፕላስተሩ ቢጫ ሆኗል። ማኅተሙን ፀሐይ በልታው ክቡ ብቻ ቀርቷል። የታችኛው ጫፍ ተጠቅልሎ ወደ ላይ ወጥቷል፤ የሆነ ሰው በእስክሪብቶ ስልክ ቁጥር ጽፎበታል። «ለጊዜው» የምትለው ቃል ግን አሁንም ጥርት ብላ ትነበባለች።

ወረቀቱ መጀመሪያ ሲለጠፍ አልተቃወምንም። ይህ ከወዲሁ ይታወቅልን። ያን ጊዜ መሬቱ በእርግጥም ይንቀጠቀጥ ነበር። እኛም ኮንዶሚኒየማችን ውስጥ ሆነን ቀምሰነዋል። በመስከረም 2017 መጨረሻ ማታ አራተኛ ፎቅ ላይ እራት ቀርቦ ነበር። ቡፌው ውስጥ ያለው ብርጭቆ በሙሉ አንድ ላይ መንጫጫት ጀመረ። ሰው በነጠላ ጫማ፣ ልጁን አንጠልጥሎ፣ ደረጃውን ወርዶ ግቢ ውስጥ ቆመ። ከዚያ ወዲያ ብዙ ጊዜ መጣ፣ ብዙ ጊዜ ሄደ። ሰው ለምዶት «መጣ ደግሞ» ብሎ ተገላብጦ መተኛት ጀመረ። እኛ ዘንድ እንዲህ ከሆነ በመተሐራና አዋሽ በኩል ባሉት የእሳተ ገሞራ ተራሮች፣ በፈንታሌና በዶፈን ሥር ያለው ሕዝብ ምን ላይ እንደነበር መገመት አያቅትም። ዶፈን አካባቢ ከመሬት እንፋሎት ወጣ። በታኅሣሥ መጨረሻና በጥር ብዙ ሺህ ሰው ከቀዬው ተነስቶ ወደ ሌላ ቦታ ሄደ። በዚያ ሰሞን «ሰው ጭነን እንሂድ» ያለ ከመካከላችን አልነበረም። ቢኖርም ጉድ ነው የምንለው።

አሁን ግን መሬቱ ጋብ ካለ ወራት ሆነው። የከባድ መኪናው ሰልፍ በዚያው መንገድ ቀን ከሌሊት ይመላለሳል። አውቶቡሱም ወደ ድሬዳዋና ወደ ሰመራ ይሄዳል። ቆሞ የቀረው የእኛ ነገር ብቻ ነው። ወረቀቱን የለጠፈው ሰው አለ፤ የሚያነሳው ሰው ጠፋ።

ሐምሌ ላይ ሦስት ሆነን መጣን። «ቦታው አሁን ምን ላይ እንዳለ ታይቶ ወይ ይፈቀድ፣ ወይ በዚህ ምክንያት አይፈቀድም ይባል» አልን። መስኮቱ ጀርባ የነበሩት ባለሙያ ትሁት ሰው ናቸው፤ ቁጭ በሉም ብለውናል። የመለሱልን ግን ይህንን ነው። «እዚያ ደግሞ ምን አለ? በረሃ ነው። የሾፌር ማደሪያ ከተማ ነው። ቢሾፍቱ ውሰዷቸው።»

ደብዳቤ ያጻፈን ወረቀቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ እስካሁን በታገስን። ያጻፈን ይህ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ከቅሬታችን በፊት መልሱን እንስጥ።

ከቱሉ ዲምቱ ከሌሊቱ 11 ሰዓት እንነሳለን። በፍጥነት መንገዱ አዳማ ድረስ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሰው እንቅልፉን ሳይጨርስ ይደርሳል። ቁርስ አዳማ ነው። ከዚያ ወለንጪቲን አልፈን ቁልቁል መውረድ ስንጀምር ጃኬት ይወልቃል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አዋሽ ከተማ 1,000 ሜትር ገደማ። በ220 ምናምን ኪሎ ሜትር ውስጥ አገሩ፣ ዛፉ፣ ቤቱ፣ የሰው አለባበስ ሁሉ ይለወጣል። መስኮት ዳር የተቀመጠ ሰው ስልኩን ጥሎ የሚያየው ነገር አለው።

መተሐራ ላይ በሰቃ ሐይቅ አለ። ይህ ሐይቅ ብቻውን የአንድ ክፍለ ጊዜ ትምህርት ነው። ከ60 ዓመት በፊት ሦስት ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። አሁን ከ40 በላይ ነው። ሌላው ሐይቅ ሲደርቅ እሱ ይሰፋል። መንገዱን ገፍቷል፣ የባቡሩን ሐዲድ አስቸግሯል፣ የከረዩ አርብቶ አደሮችን የግጦሽ መሬት ውጧል። ለከብት የማይሆን ጨዋማ ውሃ ነው። ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ከሸንኮራ አገዳው የመስኖ እርሻ የሚሰርገው ውሃ ነው። ዳርና ዳሩ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ የቀለጠ አለት ፈስሶ የረጋ። ፈንታሌ ለመጨረሻ ጊዜ የፈነዳው የዛሬ 200 ዓመት ገደማ ነው። አንድ ጊዜ የወሰድነው የሰባተኛ ክፍል ልጅ መኪናው ሲቆም ወረደና ድንጋዩን በጣቱ ጫፍ ብቻ ነክቶ እጁን ቶሎ ሰበሰበ። «ይኼ እሳት ነበር?» አለ። እስከ አዋሽ ድረስ ሌላ ነገር አላወራም።

ከመተሐራ አለፍ ብሎ የፓርኩ በር ነው። የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። በአገራችን ቀደምት ከሚባሉት ፓርኮች አንዱ ነው፤ ስፋቱም ከ750 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከመንገዱ በስተደቡብ ኢላላ ሳላ የሚባል ሜዳ አለ። ሳላ የሚባሉት የዱር እንስሳት እዚያ ናቸው። ቀንዳቸው እንደ ጦር ቀጥ ያለ፣ ፊታቸው በጥቁርና በነጭ የተቀባ የሚመስል። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን እኛ ጥላ ፍለጋ ስንሯሯጥ እነሱ ዝም ብለው ይቆማሉ። ውሃ ለመቆጠብ ሲሉ ላብ ከማውጣት ይልቅ የገላቸው ሙቀት ከፍ እንዲል ይተዉታል። ይህን ስነግር ከኋላ ወንበር «እኛም እኮ ውሃ በፈረቃ ነው» ያለ ተሳፋሪ አጋጥሞኛል። የሜዳ ፍየሉ፣ ከርከሮው፣ አንዳንዴም ሰጎኑ እዚያው ነው። ወፍ የሚወድ ሰው ከመጣ ደግሞ ሌላው ሰው ይቸገራል፤ በየደቂቃው ቁም ነው። በፓርኩ ከ450 በላይ የወፍ ዝርያ ተመዝግቧል።

ዝንጀሮዎቹን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ የበረሃው፣ ወንዱ ትከሻው ላይ ብርማ ጎፈር የለበሰ ነው። ሌላው ወንዙን ተከትሎ ከላይ በኩል የሚኖር ነው። አዋሽ ላይ ይገናኛሉ፤ ተገናኝተውም ይዋለዳሉ። ተመራማሪዎች ይህንን ለማየት ከባሕር ማዶ እየመጡ ብዙ አሥርት ዓመታት አሳልፈዋል። ከሩቅ አገር ሰው የሚመጣበትን ነገር የኮየ ፈጬ ልጅ በሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ርቀት ማየት አይችልም። ለምን? ወረቀት ስላለ።

ከዚያ ፏፏቴው ነው። ክረምቱ እንዳለፈ ውሃው ወተት የበዛበት ቡና ይመስላል፤ በበጋ ይቀንስና ቋጥኙ ይወጣል። ታች አዞ አለ። እዚህ ጋ ለተሳፋሪዎቻችን ሁልጊዜ የምንነግረው ነገር አለ። በሰፈራችን የሚያልፈው የአቃቂ ወንዝ አባ ሳሙኤል ገብቶ፣ ከዚያ ወጥቶ አዋሽን ይቀላቀላል። አዋሽ ከአዲስ አበባ ምዕራብ ከደጋው ይነሳል፣ መልካ ቁንጥሬን ያልፋል፣ ቆቃ ይገባል፣ ይህን ሁሉ በረሃ ያቋርጣል፣ ባሕር ሳይደርስ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሉሲ በ1967 የተገኘችበት ሐዳርም በዚሁ ወንዝ ሸለቆ ነው። እንግዲህ እዚያ ምን አለ ብትሉን፣ ሌላው ቢቀር የእኛው የአቃቂ ውሃ አለ። ያውም ምን ጨምረንበት እንደምንልከው እናውቃለን። ልጆች ይህንን ሲሰሙ ያፍራሉ። ትልልቆቹም ዝም ይላሉ።

ቀትር ላይ ማንም ምንም አይሠራም። ፍየል ጥብስ ይበላል፣ ይተኛል። ይህ ራሱ የጉዞው አካል ነው። በረሃ ከተማ የደረሰ የአዲስ አበባ ሰው በስድስት ሰዓት ካልተንቀሳቀስኩ ብሎ ይጣላል፤ በስምንት ሰዓት እጁን ይሰጣል። ግንቦትና ሰኔ ላይ ግን እኛም አንወስድም። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን አለ። የእኛ ዋና ወራት ከኅዳር እስከ የካቲት ናቸው።

ፀሐይ ሲበርድ አሮጌው ባቡር ጣቢያ እንሄዳለን። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895፣ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ነው። ድሮ ሌሊት አይጓዝም ነበር። መንገደኛው አንድ ሌሊት ድሬዳዋ፣ አንድ ሌሊት አዋሽ ያድራል። ቡፌው፣ ቦገንቪላው፣ ያ ሁሉ ጥላ የተሠራው ለዚህ ነው። ከጣቢያው ጀርባ ጥቂት እንደተራመዱ መሬቱ ድንገት ያልቃል። የአዋሽ ገደል ነው። ወንዙ እታች እንደ ክር ቀጥኖ ይታያል። ሰው እዚያ ጫፍ ላይ ሲደርስ ወሬ ያቋርጣል።

ይህንን ጣቢያ የሚያስጎበኙልን ጋሼ የምንላቸው ጡረተኛ ነበሩ። ምድር ባቡር ሲያገለግሉ ያረጁ ሰው ናቸው፤ አሁን አቃቂ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ጣቢያው በረንዳ ላይ ቆመው የትኛው ክፍል የማን እንደነበረ፣ ፍየሉ ከየት እንደሚመጣ፣ ባቡሩ ሲዘገይ ማን ምን ብሎ እንደሚሳደብ በድምፅ ጭምር ያሳዩናል። አማርኛ፣ አፋርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ እያፈራረቁ፣ ትንሽ ፈረንሳይኛም ጣል እያደረጉ። ላለፈው አንድ ዓመት አልሄዱም። በስልክ ሲያገኙኝ «ወረቀቷ አለች?» ይሉኛል። «አለች ጋሼ» እላቸዋለሁ። «እኔስ እስከ መቼ እኖራለሁ ብላችሁ ነው?» አሉኝ ባለፈው። የምመልሰው አጣሁ።

በነጋታው ማለዳ ፍልውሃ ነው። ፍልውሃ ሲባል የእኛ ሰው የሚያውቀው መሃል አዲስ አበባ ተራ ተይዞ የሚታጠቡበትን ነው። የአዋሹ ሌላ ነው። ከዋናው መንገድ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል በአቧራማ መንገድ ገብተው፣ ምንም በሌለበት ደረቅ ሜዳ መሃል ዘምባባ ያያሉ። ከዘምባባው ሥር ውሃው ታቹ ድረስ ጥርት ብሎ ሰማያዊ ነው፤ ትኩስም ነው። የትኛው ኩሬ ይዋኙበታል፣ የትኛው አጠገብ አዞ ይመጣል የሚለውን የሚያውቀው የአካባቢው ልጅ ነው። ያለ እሱ ማንም ሰው አይገባም፤ ይህ ሕጋችን ነው።

ሰኞ በዓል ሲሆንና አንድ ቀን ሲጨመርልን ደግሞ የአዋሽን የሰኞ ገበያ እናያለን። አፋሩ ከወዲህ፣ ከረዩው ከወዲያ ይመጣል። ጊሌ የሚባለውን ቆልማማ ጩቤ ወገቡ ላይ የታጠቀ፣ ፍየሉን የሚነዳ፣ ወተት የያዘች። እዚያ ያየሁት ዳጉ፣ የአፋሮች ወሬ የመለዋወጥ ልማድ፣ አይረሳኝም። ሁለት ሰዎች ተገናኙ። እጅ ለእጅ ተያይዘው ቁጭ አሉና አንዱ ከየት እንደመጣ፣ በመንገድ ማንን እንዳየ፣ የት ዝናብ እንደጣለ፣ የማን ግመል እንደጠፋ አንድ በአንድ ተናገረ። ሌላው በየመሃሉ እህ እያለ ሰማ፤ ከዚያ ተራው የእሱ ሆነ። በዳጉ የሚዋሽ ሰው ደግሞ ክብር የለውም። የእርስዎ መሥሪያ ቤት በዳጉ ቢሠራ ኖሮ ያቺ ወረቀት በመጋቢት ተነስታ ነበር።

ሰሜን ምሥራቁ ላይ ሃላይደጌ የሚባል የዱር እንስሳት ሜዳ አለ፤ በዓለም ላይ እየመነመነ ያለው፣ መስመሩ ቀጫጭን የሆነው የሜዳ አህያ ይገኝበታል። እዚያ ድረስ ግን ከሁለት ቀን በላይ ይፈልጋል። አንዘልቅበት።

እንግዲህ ያለው ይህ ነው። አሁን ቅሬታችንን እንንገርዎ።

የመጀመሪያው፣ ውሳኔ አለማግኘታችን ነው። መጋቢት ላይ ማመልከቻ አስገባን። መዝገብ ቤት ቁጥር ሰጠን። ሰኔ ላይ ፋይሉ «ባለሙያ ጋ ነው» ተባልን። ሐምሌ ላይ ያው ቢሾፍቱ ውሰዷቸው ተባልን። ነሐሴ ላይ ፋይሉ የውሃ ሽታ ሆነ። ይህ በወረቀት ሲነበብ ትንሽ ነገር ይመስላል። ምን እንዳስከተለ አንዱን ብቻ ልንገርዎ።

ግንቦት ከመግባቱ በፊት፣ ሙቀቱ ሳይብስ፣ ከአንድ ትምህርት ቤት 42 ተማሪ ልንወስድ ተስማማን። የጂኦግራፊ መምህራቸው ዓመቱን ሙሉ የጠበቁት ጉዞ ነበር። ትምህርት ቤቱ ያለ ድጋፍ ደብዳቤ ልጅ አያስወጣም፤ ትክክልም ነው። እኛም ማመልከቻችን ስላለ «በዚህ ሳምንት ያልቃል» ስንባል አመንን። ለሁለት ኮስተር ቀብድ ከፈልን። ወላጆች ብር አዋጡ። ሐሙስ ቀን አልደረሰም። ዓርብ አሥር ሰዓት ድረስ መስኮቱ ሥር ቆምኩ። አልደረሰም። ስንቅ የምታሰናዳው እህታችን ያን ዕለት ሰባት ድፎ ዳቦ ጋግራ ነበር፤ ኮባውን ከመርካቶ አምጥታ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነስታ። ማታ ደውዬ ስነግራት ለጊዜው ዝም አለች። ከዚያ «ኮባው እኮ ገና አልተነሳለትም» አለች። ድፎውን ለጎረቤት አከፋፈለች። የኮስተሩ ባለቤት ቀብዱን አልመለሰም፤ አይፈረድበትም። የወላጆችን ብር ግን እኛ እስከ ሳንቲሙ መልሰናል። ለዚህ ስንል የዕቁባችንን ብር ነክተናል። ከሾፌሮቻችን አንዱ ከዚያ ወዲህ ወደ ቃሊቲ መናኸሪያ ተመልሶ ተራ ይጠብቃል።

አይሆንም ብትሉን ኖሮ እኮ ቅዳሜውን ሌላ ቦታ እንወስዳቸው ነበር። እንቢ ያለን የለም። እሺ ያለንም የለም።

ሁለተኛው የሚያስቅም ነው። ለዘንድሮ ያሳተማችሁትን የቅዳሜና እሁድ መዳረሻዎች በራሪ ጽሑፍ ተቀብለናል። ወንጪ አለ፣ ቢሾፍቱ አለ፣ ደብረ ሊባኖስ አለ፣ መልካም ነው። አዋሽና መተሐራ የሉም። ሽፋኑ ላይ ግን ሳላ ቆማለች! ደረቁ ሣር፣ ከኋላ የሚታየው ፈንታሌ፣ ሁሉ ነገሩ ኢላላ ሳላ ነው። ሾፌራችን ገልጦ ገልጦ ሲያበቃ «ታዲያ ይቺን የት ሄደን እንያት ነው የሚሉን?» አለ። እኛም እንጠይቃለን፤ ቢሾፍቱ ላይ ሳላ አለች እንዴ?

ሦስተኛ፣ መረጃ። አዲሱ ባቡር ከፉሪ ለቡ ተነስቶ መተሐራና አዋሽ ላይ ጣቢያ አለው። መኪና ለማይስማማው ሰውና ለአረጋውያን ጥሩ ነበር። የትኛው ቀን እንደሚነሳ፣ ከጣቢያው ወደ ከተማው በምን እንደሚኬድ ብንጠይቅ መሥሪያ ቤታችሁ ውስጥ የሚያውቅ አላገኘንም። በመንገድ ላይ ስላለው የሴቶች መጸዳጃም አንስተን ነበር፤ እሱን እንኳ ሳቁብን።

አራተኛው የእኛ ብቻ አይደለም። አዋሽ ከተማ የሚያስጎበኘን ወጣት አለ፤ አፋር ነው፣ አማርኛው ከእኔ ይሻላል። ፍልውሃውን፣ ማታ ማታ ጅቦቹ የሚወጡበትን የፈንታሌ ዋሻ፣ ሁሉንም እንደ እጁ መዳፍ ያውቃል። ስንሄድ አራት አምስት ልጆች ከእሱ ጋር ሥራ ያገኙ ነበር። በየወሩ ይደውላል። መጀመሪያ ስለ እናቴ፣ ስለ ልጆቼ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሾፌሮቹ አንድ በአንድ ይጠይቃል። መጨረሻ ላይ «መቼ ነው?» ይላል። መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ቤቱን ለቆ የወጣው እሱ ነው። ተመልሶ ገብቷል። ፈርተን የቀረነው ግን እኛ፣ የአዲስ አበባ ጫፍ ላይ ያለን ሰዎች ነን።

የተከበሩ ኃላፊ፣ ሰው ሞልተን ዝም ብለን እንሂድ አላልንም። ፈንታሌ አናት ላይ መውጣት ይከልከል ካላችሁ ይከልከል፤ ዶፈን አካባቢ አትድረሱ ካላችሁም አንደርስም። የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

አንደኛ፣ ያቺ ወረቀት ትነሳ ወይም በአዲስ ትተካ። አዲሲቱ ቀን ያላት፣ የቱ ቦታ ክፍት የቱ ዝግ እንደሆነ ለይታ የምትናገር፣ መቼ እንደገና እንደምትታይ የምትገልጽ ትሁን። ለዚህ የሚጠየቅ ባለሙያ አለ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመሬት መንቀጥቀጥ የሚከታተል ተቋም አለው። የፓርኩን ጽሕፈት ቤትም አንድ ስልክ መደወል ነው።

ሁለተኛ፣ ለቡድን ጉዞ ማመልከቻ በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ በጽሑፍ እሺ ወይም እንቢ ይባልልን። እንቢታም መልስ ነው፤ ቢያንስ ቀብድ አንከፍልም።

ሦስተኛ፣ በራሪ ጽሑፉ ሲታተም አዋሽና መተሐራ ይግቡ። ጽሑፉን እኛ በነጻ እናዘጋጃለን፤ ጋሼም ፈቃደኛ ናቸው። ካልሆነም ሳላዋን ከሽፋኑ አንሱልን።

አራተኛ፣ የባቡሩ ፕሮግራም ይጠየቅና መስኮቱ ላይ ይለጠፍ። ቦታ ከጠፋ የትኛው ወረቀት እንደሚነሳ ነግረንዎታል።

ከእነዚያው 42 ተማሪዎች ጋር ለኅዳር 20 ቅዳሜ ቀጠሮ ይዘናል። መምህራቸው ቀኑን ሰሌዳ ላይ ጽፈውላቸዋል። ለኮስተሩ ገና ቀብድ አልከፈልንም፤ ለመክፈል የእርስዎን መልስ እስከ ኅዳር 10 እንጠብቃለን። እህታችንም ኮባ የምትገዛው ያን ጊዜ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣

በቱሉ ዲምቱና አካባቢው የቅዳሜና እሁድ ጉዞ አስተባባሪዎች ሰብሳቢ